የፒካፕ ዲፈረንሻል ጥርስ አቀያየር፦ ለሐረጎ ዳገት የሚበቃ ጉልበት

ከኮምቦልቻ ሰባት ስምንት ኩንታል ጭኖ ወደ ደሴ የሚወጣ ፒካፕ ሐረጎ ዳገት ላይ የሚያሰማውን ድምፅ በሩቁ አውቀዋለሁ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ይታፈናል፤ ወደ ሁለተኛ ሲመለስ ይጮኻል። በሁለቱ መካከል የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ባለቤቱ «ሞተሩ ደክሟል፣ ይከፈትልኝ» ብሎ ይመጣል። እኔ ግን ከሞተሩ በፊት ጎንበስ ብዬ የጎማውን ቁጥር አነባለሁ። ብዙ ጊዜ ሕመሙ እዚያው ጎማው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ መኪናው ከፋብሪካ የወጣው በትንሽ ጎማ ነበር፣ ኋላ ትልቅ ተገጠመለት፣ የሞተሩን ዙር ተቀብሎ ለጎማዎቹ የሚያደርሰው ዲፈረንሻል ግን እንደ ድሮው ቀረ።

መድኃኒቱ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለውን የጥርስ ጥንድ፣ እኛ ኮሮና (ትልቁ ክብ) እና ፒኞን (እሱን የሚያዞረው ትንሹ) የምንለውን፣ መቀየር ነው። ኮሮናው 41 ጥርስ፣ ፒኞኑ 10 ጥርስ ካለው ሬሾው 4.10 ይባላል፤ የኃይል ማስተላለፊያው ዘንግ 4.10 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ይጨምራል፤ በዚያው ልክ ሞተሩ ለአንድ ዓይነት ፍጥነት ብዙ ይዞራል። ፍጥነትን ሰጥተን ጉልበት እንቀበላለን። ከዚህ የተለየ ተአምር ማንም ቢነግርዎት አይመኑ።

በመጀመሪያ ጥፋቱ የዲፈረንሻሉ መሆኑን ያረጋግጡ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ ደሴ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ጎድሎበታል። ይህ የአየሩ መሳሳት የሚያመጣው ነው፤ የማንም ጥፋት አይደለም። በዚህ ላይ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ወይም ተጣብቆ የሚጎትት ፍሬን ከተጨመረ ምንም ዓይነት ጥርስ አያድነውም። እነዚህን አራቱን ሳይመረምሩ ጥርስ አይግዙ። የፍሬኑ ቀላል ነው፦ ሐረጎን ወጥተው ሲቆሙ የአራቱንም ጎማ ቸርኬ በእጅ ቀረብ ብለው ይሞክሩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ጉልበትዎን የሚበላው እሱ ነው።

አሁን ያለውን ሬሾ ማወቅ

በበሩ ወይም በሞተሩ ክፍል ያለው የመለያ ሰሌዳ ላይ የአክሰሉ ኮድ ይጻፋል። ነገር ግን በእኛ አገር ብዙ መኪና ዲፈረንሻሉ ከሌላ መኪና ወጥቶ የተገጠመ ስለሆነ ሰሌዳውን ብቻ አምኖ ዕቃ ማዘዝ ገንዘብ ማጥፋት ነው። ቆጥሮ ማረጋገጥ ይሻላል።

መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፤ የፊት ጎማዎቹን በታኮ አጥብቀው ይያዙ፤ ካምቢዮውን ነፃ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። ከኋላ አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንሥተው ጠንካራ መደገፊያ ይግጠሙለት። ሌላው ጎማ መሬት እንደያዘ ይቆይ። በተነሣው ጎማና በኃይል ማስተላለፊያው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። አሁን ጎማውን በትክክል 20 ጊዜ ያዙሩት፤ ሌላ ሰው የዘንጉን ዙር ይቁጠር። አንዱ ጎማ ስለተያዘ ኮሮናው የሚዞረው በግማሹ፣ ማለትም 10 ጊዜ ነው። ዘንጉ 41 ጊዜ ከዞረ ሬሾው 4.10፣ 43 ከሆነ 4.30፣ ከ45 ተኩል ትንሽ ካለፈ 4.556 ነው። ሁለት ዙር ብቻ አዙረው በግምት የሚናገሩ አሉ፤ 4.10ን ከ4.30 የሚለየው ልዩነት በሁለት ዙር ላይ የዘንጉን ሩብ ዙር እንኳ አይሞላምና በግምት በቀላሉ ይሳታል። አንዱ ጎማ ተይዞ ሌላው አልዞር ካለ ደግሞ ዲፈረንሻሉ መንሸራተትን የሚቆጣጠር ዓይነት ስለሆነ ሁለቱንም ጎማዎች አንሥተው፣ እኩል እየዞሩ፣ 10 ዙር ይቁጠሩ።

ስሌቱ

አዲሱ ሬሾ የሚገኘው አሮጌውን ሬሾ በአዲሱ ጎማ ቁመት አባዝቶ ለአሮጌው ጎማ ቁመት በማካፈል ነው። በምሳሌ እንየው። መኪናው 225/70 አር 15 ጎማ ነበረው፤ ቁመቱ 696 ሚሊሜትር ነው። አሁን 265/70 አር 16 ተገጥሞለታል፤ ቁመቱ 777 ሚሊሜትር። ሬሾው 4.10 ከሆነ፣ በትልቁ ጎማ የተነሣ መኪናው 3.67 ሬሾ እንዳለው ሆኖ እየሄደ ነው። ሐረጎ ላይ የሚታፈነው ለዚህ ነው። ወደ ቀድሞው ጉልበቱ ለመመለስ 4.10 ሲባዛ 777 ሲካፈል ለ696፣ ማለትም 4.58 ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ለብዙ የቶዮታ ፒካፖች የሚገኘው 41 በ9፣ ማለትም 4.556፣ ለዚህ ልክ ነው።

ዋጋውንም እንቁጠር። አምስተኛው ማርሽ 0.85 ቢሆን፣ በትልቁ ጎማ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ሞተሩ በ4.10 በደቂቃ 1,900 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በ4.556 ደግሞ 2,115 ያህል። በ100 ኪሎ ሜትር 2,380 የነበረው 2,645 ይሆናል። ለመኪናው አዲስ ጭንቀት አይደለም፤ በፋብሪካው ጎማ ሳለ የሚዞረው ልክ በዚህ መጠን ነበር።

አንዳንዱ ደንበኛ ይህን ሲሰማ «እንግዲያስ 4.875 አድርግልኝ» ይላል። ምክሬ አንድ ደረጃ ይበቃል ነው። ባዶውን ወደ ከሚሴና አዲስ አበባ የሚመላለስ መኪና በ4.875 ሙሉ ቀን ይጮኻል፣ ናፍጣም ይበላል። ከባቲና ከደሴ ገበያ ጭኖ የሚመላለስ፣ ወይም ወደ አቀስታ የሚወጣና የሚወርድ ብቻ ቢያስበው ያምራል።

ብዙዎች የማይቆጥሩት ጥቅምም አለ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሬሾ በዚያው ከባድ ማርሽ ላይ በሞተር የመያዝ ኃይሉም ይበረታል፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ሳይዙ ታች ይደርሳሉ።

የፊቱና የኋላው እኩል ይሁኑ

መኪናው በአራት ጎማ የሚነዳ ከሆነ የፊቱም የኋላውም ሬሾ አንድ መሆን አለበት። በዚህ ድርድር የለም። አንድ ደንበኛዬ ሌላ ጋራዥ የኋላውን ብቻ 4.556 አድርጎለት፣ የፊቱን 4.10 ትቶለት፣ «አራት ጎማ ካላስገባህ ችግር የለውም» ብሎ ሸኝቶታል። ክረምት ላይ ጭቃ ያዘው፤ አስገባ። የፊትና የኋላ ጎማዎች በአንድ ዘንግ እየታዘዙ በአሥራ አንድ በመቶ የተለያየ ፍጥነት ሊዞሩ ተገደዱ። ጭቃው ለጊዜው አሳልፎት ነበር፤ ደረቁ መሬት ላይ ሲወጣ ግን ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው የጥርስ ሣጥን ተሰነጠቀ። ለሁለት ጥንድ የሚሆን ገንዘብ ከሌለዎት እስኪሞላ ይጠብቁ።

ሲገዙ ኮሮናና ፒኞኑ አንድ ላይ ተፈጭተው የተጣመሩ መሆናቸውን፣ በሁለቱም ላይ የተጻፈው የማጣመሪያ ቁጥር አንድ መሆኑን ይመልከቱ። የአንዱን ኮሮና ከሌላው ፒኞን ጋር ማጋባት አይቻልም። የፊት እገዳቸው ነፃ የሆነ፣ ማለትም የፊት ጎማዎቻቸው እያንዳንዳቸው ለብቻ የሚወዛወዙ ፒካፖች ላይ ደግሞ የፊቱ ጥርስ አቆራረጡ ከኋላው ይለያልና የኋላ ጥንድ ገዝተው ወደ ፊት አይገባም።

አንድ ቀላል መንገድ አለ፤ ለብዙ ሰው የምመክረውም እሱን ነው። የቶዮታ ፒካፕ የኋላ ዲፈረንሻል ከነቤቱ በአንድ ቁራጭ ከፊት በኩል የሚወጣ ነው። የሚፈልጉት ሬሾ ያለው፣ ከተገጨ መኪና የወጣ ሙሉ ዲፈረንሻል ካገኙ፣ መጠኑና የአክሰሉ ዘንግ ጥርሶች ቁጥር ከእርስዎ ጋር ከተስማማ፣ ሳይፈቱት እንዳለ ይገጥሙታል። ከዚህ በታች ያለው ረጅሙ ክፍል አዲስ ጥንድ ለሚያስገባ ነው።

ማውረድ

ዘይቱን ያፍስሱ። ዘንጉ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚገናኝበትን በመርፌ ጭረት ምልክት አድርገው ይፍቱ፤ በቀድሞ ቦታው ካልተመለሰ ይንቀጠቀጣል። ጎማዎቹንና ታምቡሮቹን ያውርዱ፤ የፍሬኑን ቱቦና የእጅ ፍሬኑን ገመድ ካላቀቁ በኋላ በየጎኑ ያሉትን ዳዶዎች ፈትተው የአክሰሉን ዘንጎች ስቡ። ሙሉ በሙሉ ማውጣት አያስፈልግም፤ ከዲፈረንሻሉ ጥርስ እስኪላቀቁ ይበቃል። ሲስቡ የዘንጉን ክብደት ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው ኦይል ሲል ላይ አያሳርፉ፤ ይቀደዳል፣ ከዚያ በኋላ ዘይቱ የፍሬን ሸራውን ያበላሻል።

ቤቱን የያዙትን ዳዶዎች ሲፈቱ ሁለት ሰው ይሁኑ። ከባድ ነው፤ ከሥር ተኝቶ በደረት የሚቀበሉት ዕቃ አይደለም።

ሞርሳው ላይ

ከመፍታትዎ በፊት አሮጌውን ይለኩ። የጥርሶቹን ክፍተት ጥቃቅን ልዩነት በሚለካው ዳያል ጌጅ፣ የፒኞኑን የመዞር ክብደት (ለማዞር የሚጠይቀውን ኃይል)፣ በቀለም የሚታየውን የጥርስ አሻራ ይመዝግቡ። የኩሽኔታዎቹን ክዳኖች ግራና ቀኝ በነጥብ ምልክት ያድርጉባቸው፦ በግራው አንድ ነጥብ፣ በቀኙ ሁለት። ክዳኖቹ ከቤቱ ጋር አብረው የተላጩ ስለሆኑ ቢለዋወጡ ኩሽኔታው ተዛብቶ ይቀመጣል።

አሮጌውን ፒኞን ሲያወጡ በራሱና በውስጠኛው ኩሽኔታ መካከል አንድ ቀጭን ቀለበት ያገኛሉ። ውፍረቱን በማይክሮሜትር ለክተው ይጻፉ። የሥራው ሁሉ መነሻ ይህ ቁጥር ነው። ኩሽኔታዎቹን ሁሉ በአዲስ ይተኩ፤ አሮጌ ኩሽኔታ ላይ አዲስ ጥርስ ማስቀመጥ ቁጠባ መስሎ ይታያል እንጂ አይደለም።

አሁን ኮሮናው። በቀዝቃዛው በመዶሻ እያንኳኩ ማስገባት የለም፤ በላምፓ እሳት ማሞቅም የለም፣ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል። ትልቅ ድስት ውኃ ያፍሉ፣ ኮሮናውን በሽቦ አንጠልጥለው ውስጥ ይክተቱ። የጥገናው መጽሐፍ 100 ዲግሪ ይላል፤ ደሴ ላይ ግን ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። ይበቃል። በዚህ ሙቀት ቀዳዳው በአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ይሰፋል። በጓንት አውጥተው ውኃውን በፍጥነት ጠርገው ሲያስቀምጡት «ጥፍ» ብሎ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ያን ድምፅ ስሰማ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ቡሎኖቹን ለጊዜው በእጅ ያስገቡ፣ ብረቱ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በመስቀል ቅደም ተከተል ያጥብቁ። ባለ ስምንት ኢንቹ የቶዮታ ዲፈረንሻል ላይ 97 ኒውተን ሜትር ነው። የእርስዎ መኪና መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ካለው የእሱን ይከተሉ። አሮጌ ቡሎን አይመልሱ።

ፒኞኑን መጀመሪያ በአሮጌው ቀለበት ውፍረት፣ በሁለቱ ኩሽኔታዎቹ መካከል የሚገባውን የሚጨመቅ ቱቦ፣ እጅጌ የምንለውን፣ ሳያስገቡ ለሙከራ ይግጠሙት። የሁለቱን ጥርስ ክፍተት በጎን ያሉትን ማስተካከያ ቀለበቶች እያዞሩ ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊሜትር ያድርጉት። አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ እንግዲህ የምንነጋገረው በአንድና በሁለት ወረቀት መካከል ስላለ ነገር ነው። በዓይን ወይም በእጅ ስሜት «ደህና ነው» የሚል ሰው እዚህ ላይ መቆም አለበት። ዳያል ጌጅ ይዋሱ። ኮሮናውን በአራት የተለያዩ ቦታዎች ይለኩ፤ ንባቡ እጅግ ከተለያየ ኮሮናው ተጣሞ ተቀምጧል።

የጥርሱን አሻራ ማንበብ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ቁልፍ ያለው ሰው ይሠራዋል፤ አሻራ ማንበብ ግን መማር ይፈልጋል።

ለዚሁ የሚሸጥ የመፈተሻ ቀለም፣ ካልተገኘም ቶሎ የማይደርቅ ቢጫ የሠዓሊ የዘይት ቀለም ከጥቂት ግሪስ ጋር ለውሰው፣ በኮሮናው አራት አምስት ጥርሶች ላይ በስሱ ይቀቡ። በአንድ እጅ ኮሮናውን በእንጨት ትንሽ እየተጫኑ፣ በሌላው ፒኞኑን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ያዙሩ። ቀለሙ ተገፍቶ ብረቱ የሚታይበት ሞላላ ቦታ አሻራው ነው። ትክክለኛው አሻራ ከጥርሱ ጫፍና ከሥሩ መካከል፣ በርዝመቱም ወደ መሐል የተቀመጠ ነው።

አሻራው ወደ ጥርሱ ጫፍ፣ ወደ ላይ ከወጣ ፒኞኑ ከኮሮናው ርቋል፤ ቀለበቱን በወፍራም ይቀይሩ። ወደ ሥሩ ከወረደ ፒኞኑ ገብቷል፤ ቀጭን ቀለበት ያድርጉ። ወደ ጥርሱ ሰፊ ውጫዊ ዳር ከሄደ ኮሮናውን ወደ ፒኞኑ ያቅርቡ፤ ወደ ጠባቡ ውስጠኛ ዳር ከሄደ ያርቁት። ቀለበት በቀየሩ ቁጥር ክፍተቱን እንደገና ይለኩ፣ አንዱ ሲነካ ሌላው ይናወጣልና። ሦስት አራት ጊዜ መፍታትና መግጠም የተለመደ ነው። እኔ ስድስት ጊዜ የፈታሁት አለ። ሁለት ሰዓት ያባከንኩ ሲመስለኝ፣ የጮኸ ዲፈረንሻል ይዞ የሚመለስ ደንበኛ ፊት አስበዋለሁ።

የፒኞኑ ዳዶ

አሻራው ከተስተካከለ በኋላ አዲሱን እጅጌ፣ አዲሱን ኦይል ሲልና አዲሱን ዳዶ ያስገቡ። እጅጌው እየተጨመቀ ኩሽኔታዎቹን በልክ ያጠብቃቸዋል። ልኩ በፒኞኑ የመዞር ክብደት ይታወቃል፦ ለአዲስ ኩሽኔታ ከ1.0 እስከ 1.6 ኒውተን ሜትር። ለዚህ የሚሆን ቁልፍ ከሌለዎት ክር ፒኞኑ ከዘንጉ ጋር በሚታሰርበት መገናኛ ክብ ላይ ጠምጥመው በስፕሪንግ ሚዛን ይሳቡ። የክቡ ግማሽ ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሚዛኑ ሲዞር ከ2 እስከ 3.2 ኪሎ ሊያሳይ ይገባል። ከማስነሻው ይልቅ በመዞር ላይ ያለውን ንባብ ይያዙ።

ዳዶውን ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ፤ በየጊዜው ፒኞኑን ብዙ ዙር አዙረው ይለኩ። መጀመሪያ ላይ ምንም አይለወጥም፤ ከዚያ በድንገት ይጨምራል። እጅ የሚያልፈው እዚያ ላይ ነው። ካለፈ እጅጌውን አውጥተው በአዲስ ይተኩ እንጂ ዳዶውን ወደ ኋላ አያላሉ።

ይህን የምለው ስለሠራሁት ነው። አንድ ክረምት፣ መሽቶ፣ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ አለቀ?» እያለኝ፣ ሚዛኑ አራት ኪሎ አለፈ። ትርፍ እጅጌ አልነበረኝም። ዳዶውን ሩብ ዙር አላላሁት፤ ሚዛኑ ሦስት አሳየኝ፣ ደስ ብሎኝ ዘጋሁት። በሦስተኛው ሳምንት ከአቀስታ መንገድ እያለቀሰ ተመለሰ፤ የሚያለቅሰው መኪናው ነው። የተጨመቀ እጅጌ ወደ ኋላ አይለጠጥም፤ ዳዶው ሲላላ ኩሽኔታዎቹን የሚይዝ ነገር አልነበረም። አዲሱ ፒኞን ተበልቶ አገኘሁት። ጥንዱን ከኪሴ ገዛሁለት። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሥራ ሁለት እጅጌ ሳልይዝ ዳዶ አልነካም።

በመጨረሻ ዳዶውን በነጥብ መትተው ይቆልፉት፤ ክፍተቱንና አሻራውን ለመጨረሻ ጊዜ ይመርምሩ።

መመለስና ማላመድ

የቤቱን ፊት አጽድተው አዲስ ጓርኒሲዮን ይግጠሙ። የአየር ማስተንፈሻው ቀዳዳ በጭቃ የተደፈነ ከሆነ ይክፈቱት፤ ካልተከፈተ ሙቀቱ ዘይቱን በኦይል ሲሉ ያስወጣዋል። ዘይቱ ጂ ኤል 5 የተባለው ደረጃ፣ 80 ደብልዩ 90 ወይም 85 ደብልዩ 90 ይሁን፤ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ይሙሉ። ፍሬኑን ያስተንፍሱ።

የፍጥነት መቁጠሪያው ነገር፦ ከካምቢዮው የሚያነብ መኪና ከሆነ በትልቁ ጎማ ያጣውን ትክክለኛነት አዲሱ ሬሾ ይመልስለታል፤ በምሳሌያችን መኪና 80 ሲያሳይ በእርግጥ 89 ይሄድ የነበረው አሁን 80 ሆነ። ከጎማዎቹ የሚያነብ መኪና ግን በጥርሱ ለውጥ አይነካም።

አዲስ ጥርስ መጀመሪያ ሲሠራ እጅግ ይሞቃል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጉዞዎ ጭኖ ሐረጎን መውጣት አይሁን። የኮምቦልቻ ሜዳ ላይ፣ ባዶውን፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ በመጠነኛ ፍጥነት ይንዱ፤ ከዚያ አቁመው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ሥራውን ደሴ ላይ ከሠሩት ቁልቁለቱን በዝግታ ይውረዱ፤ በሞተር መያዝም የጥርሱን ሌላ ጎን ይጫናልና። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነትም መጎተትም ይቅር።

800 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይቱን ሞቅ እንዳለ ያፍስሱና የማፍሰሻውን ቡሎን ማግኔት በጣትዎ ይጥረጉ። እንደ አመድ የላመ ግራጫ ልቅላቂ የጥርሶቹ መላመድ ነው፤ አዲስ ዘይት ሞልተው ኩንታልዎን ይጫኑ። በጣት የሚቆረቁር፣ ብርሃን ላይ የሚያብለጨልጭ ስባሪ ካገኙ ግን መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ዲፈረንሻሉን ያውርዱና አሻራውን እንደገና ያንብቡ።